«ደሜ ፖዘቲቭ ሆነ፤ እልል በሉ»

ደማም፣ አል ነኺል
መስከረም 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለሙህሲና፤

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ለእማ ጉልበቷን፣ ለአንቺ ትዕግሥትሽን፣ ለማሳው ዝናቡን ይስጥልኝ። እኔን ለጊዜው ይለፈኝ፤ እኔ ሞልቶልኛል።

ይህን የጻፈው ማን ነው ብለሽ ወረቀቱን እንዳታገላብጪው። እኔው ነኝ፤ ሙዐዝ፤ በገዛ እጄ! አምና ፈርም ሲሉኝ አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው እንደ ከብት ያተሙኝ ሰው፣ ዘንድሮ አል አዳማ በሚባለው የደማም ሰፈር ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ፎቅ ላይ፣ ወልደአማኑኤል የሚባል የጎጃም ልጅ ዘንድ ማታ ማታ ተምሬ ከሾፌሮች ሁሉ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ ለወጣው «ጨ» እና «ጬ» ገና አልታረቁለትም። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ስልክማ ማንም ምላስ ያለው ያወራበታል።

አሁን ትልቁን ዜና ስሚ። ብቻሽን አይደለም። ሰው ሰብስበሽ፣ ሼህ አብዱሽኩርንም አስጠርተሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው። ልጃቸውን ሁመይራን ያጫት ሰው ማን እንደሆነ ይስሙ።

ጎረቤት ከተማ ኾበር ባለ ትልቅ ሆስፒታል ደሜ ተመረመረ። ፖዘቲቭ ሆነ! እልል በሉ!

እንዴት መሰለሽ። ያንን ራስ ምታቴን ታውቂው የለ? ግማሽ ራሴን ብቻ መርጦ የሚይዘኝን፣ ብርሃን የሚያስጠላኝን፣ የበላሁትን የሚያስመልሰኝን? ባሕር አቋርጬም አልለቀቀኝ። አንድ ቀን የአሠሪዬን የባባን ታላቅ ልጅ ወደ ሥራዋ ሳደርስ ኾበር መንገድ ላይ ያዘኝ። ልጅቱ ሐኪም ናት፤ እዚህ ሴት ሐኪም «ዶክቶራ» ነው የምትባለው። መኪናውን ጥግ አስያዝኩና በሩን ከፍቼ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለአሸዋው አስረከብኩ። የባባ ሚስት ማዳም ብትሆን «ጂን ነው» ብላ ትሸሸኝ ነበር። ዶክቶራ ግን ከኋላ ወንበር ሆና በጥያቄ አጣደፈችኝ። የትኛው ጎንህ ነው? ምን ያህል ይቆያል? ምን ወሰድክበት?

«ምን ያልወሰድኩበት አለ?» አልኳት። «አንዱ ክኒን አስተኛኝ፣ አንዱ አፌን አደረቀው፣ አንዱ የባባን የመሰለ ቦርጭ አወጣልኝ። ራሴ ግን ያው ነው።»

«የእኛም ጥፋት አለበት» አለችኝ። «ማይግሬን ላለበት ሰው አንዱን እንሰጠዋለን፤ እምቢ ካለ ሌላውን። በግምት ነው። እኔ የማጠናው፣ የቱ መድኃኒት ለማን እንደሚስማማ የሰውየው ደም አስቀድሞ ምልክት ይሰጥ እንደሆነ ነው።»

ከዚያማ ሲያመኝ አንዴ፣ ሳያመኝ አንዴ ደሜን ቀዱ። ሕመሙ ሲነሳ ደም ውስጥ የሚጨምር አንድ ነገር አለ፤ የእኔ እንደ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ተገኘ። እንዲህ የሞላበት ሰው በወር በወሩ የሚወጋ አዲስ መርፌ ይሻለዋል ብለው ያስባሉ። ገና ጥናት ላይ ናቸው። ቢሆንም የሚወጉት ሰዎች ስም ሲወጣ የወንድምሽ ከላይ ነው። ኢንሻአላህ ለአረፋ ጤነኛ ጭንቅላት ይዤ መጥቼ ሠርጌን እደግሳለሁ።

ጸሐፊው ወንድምሽ፣ ሙዐዝ


ቢስቲማ
ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለጸሐፊው ለሙዐዝ፤

ወዓለይኩም ሰላም። እማ በሕይወት አለች። ከአንተ ወረቀት በኋላ ይህም ትልቅ ነገር ነው።

ደብዳቤህ በካርጎ ደረሰን። እንዳዘዝከኝ ሰው ሰበሰብኩ። ሼህ አብዱሽኩር በክብር መደቡ ላይ ተቀመጡ። እንዳዘዝከኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። «ፖዘቲቭ ሆነ፤ እልል በሉ» የሚለው ላይ ስደርስ እማ ትእዛዝ ነው ብላ እልልታውን ጀምራው ነበር፤ ግማሹ አፏ ውስጥ ቀረ።

«ምን አልሽ? እስቲ ድገሚው» አሉኝ ሼህ አብዱሽኩር።

ምን ልሁን? ደገምኩት።

ብድግ አሉ። «ደም ተመርምሮ ፖዘቲቭ የሆነ፣ ሆኖም እልል የሚያስብል ሰው በዘመኔ አላየሁም» ብለው ጫማቸውን ሳያጠልቁ ወጡ። ሌላው ሰው ተከተላቸው። ከዚያ ቃል ወዲያ ያለውን ስለ መርፌውና ስለ ወንዙ የጻፍከውን ለማን ላንብበው? ለእማ አነበብኩላት። «ደሙ ምልክት ይሰጣል» የሚለውን ስትሰማማ ጭራሽ ባሰባት። «ምልክቱም ወጥቶበታል!» እያለች ታለቅስ ጀመር።

አንተ ሰውዬ፣ አገርህን ረሳኸው? ወደ ዓረብ አገር ሊሄድ ተነስቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ደሙ ተመርምሮ፣ ፖዘቲቭ ተብሎ የተመለሰውን የጎረቤታችንን ልጅ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው አለ? «ፖዘቲቩ» ነው የሚባለው። ያለበት የጉበት በሽታ እንደሆነ ሆስፒታል ነግሮታል፤ ማን ሰማው? እሱን ደጃፉ ላይ እያየህ አድገህ፣ ያንን ቃል እንደ ሠርግ ጥሪ ላክህልን!

ስልክ ያልደወልኩት ቃሉን በዚህ ቤት ዳግመኛ በአፌ ስለማላወጣው ነው። ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ ጎረቤት ጆሮ አለው። ማኅተም ያለበት «ነጋቲቭ» የሚል ወረቀት በአስቸኳይ ላክ። ከዚያ ውጭ ምንም አትላክ። ጫማም፣ ሻሽም፣ ቀልድም።

ሙህሲና


ደማም፣ አል ነኺል
ታኅሣሥ 1 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሙህሲና፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ ለሼህ አብዱሽኩር ግን ስናደድ ሰላምታ መጻፍ ገና አልተማርኩም።

ነጋቲቭ ላክ አልሽኝ? እቴ፣ እኔ ነጋቲቭ ከሆንኩ አለቀልኝ! መርፌው የሚሰጠው ለፖዘቲቩ ነው። አላህ የላከልኝን ፖዘቲቭ አንቺ በማኅተም ልትሰርዢው ነው? ወላሂ ተናደድኩና አራት ወረቀት ቀደድኩ። አምስተኛውን በእርጋታ እጽፋለሁ፤ አንቺም በእርጋታ አስረጂያቸው።

ፖዘቲቭ ማለት «የፈለግነው ነገር አለ» ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። ምን እንደፈለጉ መጠየቅ ነበረባችሁ። የእናንተ አገር ፖዘቲቭ ሌላ ነገር ተፈልጎ ነው፤ የእኔ ማይግሬን ተፈልጎ ነው። እነሱ የፈሩትን በሽታማ እዚህ ስገባ መርምረውኛል፤ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ያገኘሁት አልፌ ነው። ያ በሽታ ቢኖርብኝ በመጣሁበት አውሮፕላን ይመልሱኝ ነበር። ኪሴ ውስጥ ያለው ኢቃማ ራሱ ምስክር ነው በያቸው።

ለነገሩ ያኛውስ ቢሆን? ሰው በታመመ ይሰደባል? የጎረቤታችን ልጅ ምን በደለ? አሁን ገና ገባኝ፤ እኔም እኮ ከሌሎቹ ጋር «ፖዘቲቩ» ስለው ኖሬአለሁ። ስሙ አገኘሁ ነው። ስታገኚው ሙዐዝ በስምህ ሰላም ብሎሃል በይው።

ለዶክቶራ የደረሰብኝን ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። «ቃሉን ከመናገሬ በፊት ማስረዳት ነበረብኝ» አለች። የመርፌው ስም ዝርዝር በቅርቡ ይወጣል። አሁን ሲያመኝ መሪ አልጨብጥም፤ መኪና ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ እተኛለሁ፤ ባባም እያጉረመረመ ነው። ሴቶች መንዳት ተፈቅዶላቸዋል፤ ዶክቶራ መንጃ ፈቃድ ካወጣች የታመመ ሾፌር ምን ያደርግላቸዋል? ስለዚህ ለእኔ መርፌው እንጀራዬ ነው። ዱዓ አድርጉልኝ፤ ለፖዘቲቩ እንጂ ለነጋቲቩ እንዳይሆን!

ሙዐዝ


ቢስቲማ
የካቲት 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙዐዝ፤

አላህ ራስህን ይማርልህ። ዘገየሁ፤ የምጽፈው ጠፍቶብኝ ነው።

ደብዳቤህን ይዤ ሼህ አብዱሽኩር ዘንድ ሄድኩ። የራስ ምታትህንና የኢቃማህን ነገር ነገርኳቸው። «ሲገባ ነው የተመረመረው፤ ከገባ በኋላስ?» አሉኝ። አየህ የሰው አፍ! ለሁመይራ የሰጠነውን ልብስ በልጅ መልሰው ልከውብናል። እማ ሳጥን ውስጥ ከተተችውና ተቀመጠችበት። አገኘሁን በስሙ ጠርቼ ሰላምታህን አደረስኩ። መጥረቢያውን አንስቶ እንጨታችንን ሁሉ ፈልጦልን ሄደ።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ሁመይራ ወፍጮ ቤት ጠብቃ ያዘችኝ። አባቷ ከእኛ ጋር እንዳትነጋገር ከልክለዋታል። «እቴ፣» አለችኝ እንደ ሌባ እየተገላመጠች፣ «ሕመሙ ሳይጀምረው በፊት ዓይኑ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ የሚያብረቀርቅ መስመር ያያል? ጠይቂልኝ።» ምን አስጠየቀሽ ስላት እህሏን እንኳ ሳታስፈጭ ሄደች።

መርፌውን ወጉህ? ነጋቲቩ ይቅር። ይህን ብቻ ጻፍልኝ።

ሙህሲና


ደማም፣ አል ነኺል
መጋቢት 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ፤

ሰላምታዬን ለሁሉም አድርሺ። ጉራ ከእኔ አትጠብቂ፤ ዛሬ የለኝም።

አልተወጋሁም። ስሜ አልወጣም።

ዶክቶራ ነች የነገረችኝ፤ ወደ ኾበር እየነዳሁ። በመስኮት ወደ ባሕሩ እያየች «ሙዐዝ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የለህም» አለችኝ።

«ለምን? ደሜ ተበላሸ?»

«ደምህማ ከሁሉም የተሻለ ነው። ግን መርፌውን የሚወስድ ሰው ዓመት ሙሉ ክትትል ያስፈልገዋል። ሆስፒታሉ የሚቀበለው ኢንሹራንስ ያለውን ነው። የቤት ሾፌር ደግሞ ኢንሹራንስ ማፊ፤ የለውም።»

«ደሜን ስትቀጂ ኢንሹራንስ አለህ ወይ ብለሽኛል? ደሜስ ኢንሹራንስ ነበረው?»

ይህን ትታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ለሦስተኛው ምርመራ ግን ሐሙስ ትመጣለህ፣ አይደል?»

መኪናውን ጥግ አስያዝኩት። ያን ዕለት አላመመኝም፤ ንዴት ነው። ዞሬ አየኋት። በዚህ ቤት ስሠራ ዞሬ አይቻት አላውቅም፤ በመስታወት ነው የማያት።

«ዶክቶራ፣ ደሜ ከገባ እኔም እገባለሁ። እኔ ካልገባሁ ደሜም አይገባም። ኸላስ።»

«ሙዐዝ፣ እኔ አይደለሁም እኮ የወሰንኩት!»

«የቀዳሽኝ ግን አንቺ ነሽ።»

እቴ፣ አንቺው ፍረጂ። እስከ ዛሬ የሚያድነኝን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሱንስ ከአላህ ነው ብዬ እችለው ነበር። አሁን ግን የሚያድነኝ ይታወቃል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጧል፤ መንገዱን እኔው ነድቼ አደርሳቸዋለሁ። የእኔ ደም ያስተማራቸውን ወስደው ሌላውን ሊያክሙበት ነው። ደሜ ለጥናት ሲሆን ንጹሕ ነው፤ ራሴ ለመድኃኒት ሲሆን የውጭ ሰው ነኝ! ደም ከሰጡት መካከል የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ ፊሊፒናዊቷና አንድ የባንግላዴሽ አትክልተኛም አሉ። እነሱም ውጭ ናቸው። ባባ ሰምቶ «ምን ሙሽኪላ፣ ምን ችግር ትፈጥራለህ? ሥራህን ሥራ» ብሎኛል። ሐሙስ አልሄድኩም። የሚመጣውን አያለሁ።

የሁመይራን ጥያቄ በተመለከተ፦ አዎ፣ አያለሁ። እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ እየሰፋ የሚሄድ ብርሃን ነው። ግን እቴ፣ ይህን ለአንቺም፣ ለእማም፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አበደ እንዳልባል። እሷ ከየት አመጣችው?

ሙዐዝ


ቢስቲማ
ሚያዝያ 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለሙዐዝ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፦ ደግ አደረግክ! ደምህን ወስደው አንተን ከደጅ! አንተ ምን በደልካቸው? ላም እንኳ ታልባ ሣር ይጣልላታል። እማ ነግሬያት ለመጀመሪያ ጊዜ ለፖዘቲቭነትህ ዱዓ አደረገች።

አሁን የጠየቅከኝን ስማ። ሼህ አብዱሽኩር ነገሩን በሽማግሌ ፊት ለመቁረጥ ጠርተውን፣ እማን ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ተደርድረዋል። ሼሁ ገና «ልጄን ለደም በሽተኛ አልሰጥም» ከማለታቸው የጓዳው በር ተከፈተ። ሁመይራ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ በአንድ እጇ ዓይኗን ከብርሃኑ ጋርዳ ወጣች።

«እሱ ፖዘቲቭ ከሆነ እኔም ፖዘቲቭ ነኝ!» አለች።

አንዱ ሽማግሌ «ደም ሰጥተሽ ነበር እንዴ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁ፤ ምስኪን።

«ዝም በይና ግቢ!» አሉ አባቷ።

«አልገባም! ከልጅነቴ ጀምሮ ጓዳ የምትዘጉብኝ ምን ሆኜ ነው? ሙሉ ቀን የሚያስመልሰኝ ምንድን ነው? እንግዳ ሲመጣ ‹ጉንፋን ይዟት ነው›፣ ጠያቂ ሲመጣ ‹ዘመድ ጋ ሄዳለች› ትላላችሁ። እሱ ሕመሙን በወረቀት ጽፎ አገር ሰብስቦ አስነበበ። የእኔን እናንተ ደበቃችሁ። ታዲያ አታላዩ ማን ነው?»

ያ ለራስ ምታት ብሎ ወንድሜን በአገር ያዋረደ ሰው፣ ያንኑ ራስ ምታት ጓዳው ውስጥ ቆልፎበት ኖሯል! ደሜ ፈላ። ልናገር አፌን ስከፍት እማ ቀደመችኝ። «ሼህ አብዱሽኩር፣ ልብሱን ልመልስልዎ ወይስ ይዤው ልቀመጥ?» ብቻ ነው ያለችው። ሽማግሌዎቹ ሳቁባቸው። ሼሁ ጢማቸውን አሽተው «ሠርጉ ለአረፋ ይሁን» አሉ።

ከምትውጠው ክኒን ካለህ ለሁመይራ ላክላት። በጣም ነው የምትሰቃየው።

ሙህሲና


ደማም፣ አል ነኺል
ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሙህሲና፤

በመላው ቤተሰብ ላይ የአላህ እዝነት ይውረድ፤ በሁመይራ ላይ እጥፍ ሆኖ።

ደብዳቤሽን ለወልደአማኑኤል አነበብኩለትና ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ብቻዬን ስቀር ተናደድኩ። ያቺ ልጅ ያንን ሁሉ ዓመት ጉንፋን ስትባል!

ክኒን አልልክም። ስስት እንዳይመስልሽ፤ ዶክቶራን ጠየቅኳት። «ስሙ አንድ ስለሆነ መድኃኒቱ አንድ ነው ማለት አይደለም። ያንተ ደም የሷ ደም አይደለም። ላንተ ያልሠራው ለሷ ሊሠራ፣ ላንተ የሚሠራው ለሷ ላይሠራ ይችላል። እርጉዝ ስትሆን ደግሞ ፈጽሞ የማይወሰዱ አሉ» አለችኝ። ደሴ ሆስፒታል ወስዳችሁ አስመርምሯት። ጓዳ ውስጥ አይደለም፤ በስሟ፣ በፊት በር።

አሁን የእኔ ጉዳይ። ዶክቶራ ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ጊዜ አላናገረችኝም፤ እኔም በመስታወት አላየኋትም። አንድ ጠዋት ድንገት «አለቆቼን ወይ የሠራተኞቹን ደም ከጥናቱ አውጡ፣ ወይ ሰዎቹን አስገቡ አልኳቸው» አለችኝ።

«የቱን መረጡ?»

«ሲያምህ የተቀዳውን ደም መጣል አልፈለጉም። ያለ ኢንሹራንስም ቢሆን አንተ ገብተሃል።»

«ፊሊፒናዊቷስ? አትክልተኛውስ?»

«አንተ ብቻ። ከእነሱ ሲያማቸው የተቀዳ የለንም።»

እይልኝ! እኔን እንኳ ያስገቡኝ ለራሴ ብለው አይደለም። «እነሱ እስኪገቡ መጠየቄን አልተውም» አልኳት። «አትተው፤ እኔም አልተውም» አለችኝ። እሷን አምናታለሁ፤ አለቆቿን አይደለም።

ግን አንድ ነገር አለ። የምወጋ ከሆነ ከነሐሴ ጀምሮ ዓመት ሙሉ ከአገር እንዳልወጣ መፈረም አለብኝ። አንድ ወር ከቀረሁ ተሰረዝኩ። ለአረፋ ከመጣሁ መርፌው ቀረ፤ መርፌውን ከያዝኩ ሠርጉ ቀረ። እስክሪብቶውን ይዤ ቀርቤ፣ «እጮኛዬን ሳልጠይቅ አልፈርምም» ብዬ ተመለስኩ። የቆጠርኩት ፊደል ሁሉ ያን ዕለት ከበደኝ። ሼሁን አትጠይቂ፤ ሽማግሌም አትጠይቂ። እሷን ጠይቂልኝ። ና ካለችኝ መርፌውን ትቼ እመጣለሁ።

ሙዐዝ


ቢስቲማ
ሐምሌ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙዐዝ፤

አላህ ያሰብከውን ያቃናልህ።

ሁመይራን ጠየቅኳት። አባቷ አጠገባችን ነበሩና «አንድ ዓመት! ሰው ምን ይለኛል?» ብለው ተቆጡ። እሷ ወደሳቸው አልዞረችም።

«ይፈርም» አለችኝ። «አንድ ጎጆ ውስጥ ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነን ከተኛን እሳቱን ማን ያነድልናል? አንዳችን ይዳን።» ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ ትንሽ አለቀሰች። ይህን እንዳልጽፍልህ ልታስምለኝ ነበር፤ አልማልኩም።

ስለዚህ ፈርም። ሰኞ ደሴ ይዣት እሄዳለሁ። ሼህ አብዱሽኩርም ይከተሉናል፤ በፊት በር እንዲገቡ ነግሬያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ቅር አሰኝቶኛል። ከእንግዲህ ደብዳቤህን ለእሷ እንድትጽፍ ትፈልጋለች፤ በእኔ በኩል አይደለም። በወር በወሩ፣ መርፌው የረዳህንም ያልረዳህንም ቀን ሳትጨምር ሳትቀንስ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ እኔ እንዳነበንብላት አላስፈለጋትም። ይሁን፣ እኔም ሥራ አለኝ።

ስትጽፍላት ፊደልህን አተልቀው፤ መስመሩን አራርቀው። ነጭ ወረቀት ፀሐይ ላይ ስትከፍተው ዓይኗን ያማታል። ቡናማው የካርጎ መጠቅለያ አለ አይደል? እሱን ቆርጠህ በእሱ ላይ ጻፍላት።

እህትህ፣ ሙህሲና